ተሳቢዬ ላይ ሰው ተገኘ፦ ለጅቡቲ መስመር ሹፌሮችና ለወሎ እናቶች

ይህን የምጽፈው ለሁለት ሰው ነው። አንዱ እንደኔ የጅቡቲን መስመር የሚሠራ ሹፌር ነው። ሌላዋ ልጇ «ጓደኞቼ ሁሉ ሳዑዲ ሄደው እኔ ብቻ ቀረሁ» እያለ የሚያስጨንቃት የወሎ እናት ናት። ሁለቱን ምን ያገናኛቸዋል ትሉ ይሆናል። እኔ አንድ ፖሊስ ጣቢያ ግቢ ውስጥ ተገናኝተው አይቻለሁ። ሹፌሩ እኔው ነበርኩ።

የኮምቦልቻ ልጅ ነኝ። እኛ አገር የወደብ መንገድ ከጡት ጋር የሚጠባ ነው። አባቶቻችን ከደሴ ተነስተው በባቲ፣ በሚሌ፣ በኤሊዳር አድርገው አሰብ ይወርዱ ነበር። በ1990 ከኤርትራ ጋር ጦርነቱ ሲነሳ አሰብ ቀረ። ጉዞው ሁሉ ወደ ጅቡቲ ዞረ። መንገዱ እስከ ዲቾቶ ያው የድሮው ነው። ከዚያ ወደ ድንበሩ፣ ወደ ጋላፊ ትታጠፋለህ። ዛሬ ከአገራችን ገቢና ወጪ ንግድ ከ90 በመቶ በላይ የሚሆነው በጅቡቲ ያልፋል።

ከመስመሩ ውጪ ያለ ሰው የማያውቀው አንድ ነገር አለ። ከወደብ የምናመጣው ብዙ ነው፤ ማዳበሪያ፣ ስንዴ፣ ብረት፣ ኮንቴይነር። ወደ ወደብ የምንወስደው ግን ትንሽ ነው። ቡና፣ ሰሊጥ፣ ቦሎቄ የደረሰው ይጭናል። የቀረነው ባዶ እንወርዳለን። ባዶ ተሳቢ፣ የተጠቀለለ ሸራ፣ ጎህ ሳይቀድ የሚንቀሳቀስ መኪና። ስደተኛ የሚያሻግር ደላላ ከዚህ በላይ ምን ይፈልጋል?

በዚያ ሰሞን ረዳቴ አዲስ ነበር። የቀድሞው ታሞ ቀረና ባለንብረቱ «እኔ ሰው አለኝ» ብሎ ሰጠኝ። ፈጣን ልጅ ነው። ጎማ ሲቀይር ቆመህ ታየዋለህ። ተያዥ ግን አልነበረውም። ስልኩም አያርፍም፤ ሁለት ሲም፣ አንዱ የጅቡቲ። የመስመሩ ሰው ሁሉ የጅቡቲ ሲም ስለሚይዝ ይህ ብቻውን ማንንም አያስጠረጥርም።

እሁድ ማታ ባቲ ገባን። የባቲ ገበያ ሰኞ ነው። ስለዚህ እሁድ ማታ ከተማው በሰው፣ በከብትና በግመል ይሞላል። ከየት መጣህ ብሎ የሚጠይቅ የለም። ልጆች በቡድን ቢንቀሳቀሱ ዓይን ውስጥ አይገቡም። ደላሎች ይህችን ማታ ለምን እንደሚወዷት የገባኝ በኋላ ነው። እኔ አልጋ ያዝኩ። ረዳቴ «ጋሼ፣ እኔ መኪናውን እየጠበቅኩ ጋቢና አድራለሁ» አለኝ። ደግ ልጅ ብዬ መርቄው ሄድኩ። ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ስመለስ ሸራው እንደ ወትሮው ከፊት ለፊት ስፖንዳው ጥግ ተጠቅልሎ ታስሯል። ገመዱ ውጥር ነው። ተነሳን።

የሰኔ አፋርን የሚያውቅ ያውቀዋል። ሚሌ ላይ ከረፋዱ ጀምሮ ብረት አይነካም። ሎጊያን አልፈን አንድ ኬላ ላይ ቆምን። ፈታሹ ወጣት ፖሊስ ነው። ተሳቢው ላይ ወጥቶ በዱላ ሸራውን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገው።

ሸራው ሳለ።

ሲገለጥ ልጆች ተደራርበው ተኝተዋል። ትልቁ 20 ዓመት አይሞላውም። ላባቸው ከአቧራው ጋር ተለውሶ ፊታቸው ጭቃ ሆኗል። አንዱ ራሱን ስቷል። ውኃ በፌስታል ይዘው ነበር፤ ፌስታሉ ፈንድቶ በሶው ላይ ፈሶበታል። ራሱን የሳተውን ልጅ አወረድኩት። ግራ ክንዱ ላይ በእስክሪብቶ የተጻፈ ቁጥር አየሁ። በ253 ይጀምራል፤ የጅቡቲ መሆኑ ነው። የመጨረሻዎቹ ሁለት አኃዞች በላብ ተጠርገዋል። ልጁ የሚያውቀው የጅቡቲ ሰው ያ ቁጥር ብቻ ነበር። ስም የለም፣ ቦታ የለም። «ስትደርስ ደውል» ተብሏል፤ በቃ።

ረዳቴን ፈለግኩት። ጋቢናው ክፍት ነው፣ እሱ የለም። ከአንድ ሰዓት በኋላ ይዘው አመጡት። ልጆቹ ሲጠየቁ አንድ ቃል ተናገሩ፦ «ሹፌሩ ያውቃል።»

እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሹፌሮች ይህን ካልተረዳችሁ አደጋ ላይ ናችሁ። ልጆቹ አልዋሹም። ረዳቱ ሲጭናቸው «ሹፌሩ የኛው ሰው ነው፣ አትፍሩ» ብሏቸዋል። የሰሙትን ነው የተናገሩት። ረዳቶች ሁልጊዜ እንዲህ እንደሚሉ በኋላ ከሌሎች ሹፌሮች ሰምቻለሁ። ልጅ ሹፌሩ የማያውቀው መኪና ላይ ለመውጣት ይፈራላ! ስለዚህ ስምህ አንተ ሳታውቅ ከመነሻው በወንጀሉ ውስጥ ገብቷል።

ታሰርኩ። መኪናዋም ታገደች። ባለንብረቱ ስልክ ላይ ጮኸብኝ፤ አልፈርድበትም፣ የባንክ ዕዳ አለበት።

የመጀመሪያው ምሽት ላይ መርማሪው የጻፈውን ቃል ፈርም አለኝ። ደክሞኛል፣ ተናድጃለሁ፣ ቶሎ ወጥቼ ውኃ መጠጣት ነው የምፈልገው። አብሮኝ የታሰረ አንድ ሽማግሌ ግን ቀደም ብሎ «ሳታነብ ጣትህን እንዳትሰጥ» ብሎኝ ነበር። አነበብኩት። «ረዳቴ ሰዎች መጫኑን ሰምቼ» የሚል ሐረግ አለበት። እንዲህ አላልኩም። ይስተካከልልኝ ብዬ ጠየቅኩ። መርማሪው ተቆጣ፣ ግን አስተካከለው። ሌላ ነገር ባላደርግ እንኳ ያቺ ሐረግ ሳትወጣ ብትቀር ኖሮ ዛሬም ይህን የምጽፈው ከሌላ ቦታ ነበር።

መብታችንን ብዙዎቻችን አናውቅም። ሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 19 ላይ በግልጽ አለ። ለምን እንደተያዝክ በሚገባህ ቋንቋ ሊነገርህ ይገባል። ዝም የማለት መብት አለህ። ከመንገዱ ጊዜ ሌላ በ48 ሰዓት ውስጥ ፍርድ ቤት መቅረብ አለብህ። የእምነት ቃል በግድ አይወሰድም። አንቀጽ 21 ደግሞ ቤተሰብና ጠበቃ ሊጎበኝህ እንደሚችል ይላል። አንድ ስልክ ብቻ ከፈቀዱላችሁ ለባለንብረት አትደውሉ፣ ለቤተሰብ ደውሉ። ባለንብረት ስለ መኪናው ያስባል፤ ቤተሰብ ስለ እናንተ። የኔ ባለቤት በሁለተኛው ቀን ጠበቃ ይዛ ደረሰች። ጠበቃ መክሰስም መከላከልም ለማያውቅ ሰው ብርሃን ነው። አቅም የሌለው ደግሞ ተከላካይ ጠበቃ እንዲመደብለት ፍርድ ቤቱን መጠየቅ ይችላል፤ አትፈሩ፣ ጠይቁ።

ነገሩን የገለበጠው ጠበቃው የጠየቀኝ ተራ ጥያቄ ነው። «ባቲ ያደርክበት አልጋ ደረሰኝ አለህ?» አለኝ። የጉዞ አበል ሒሳብ ስለማወራርድ ደረሰኝ ሁሉ ማስታወሻ ደብተሬ ውስጥ እሰካለሁ። ነበረ። ሰዓቱም ተጽፎበታል። ማደያ የቀዳሁበትም አለ። የመኪናዋ ጂፒኤስ ሲታይ ደግሞ እኔ አልጋ ላይ በነበርኩበት ሰዓት ሞተሯ ተነስታ ከከተማው ጫፍ ደርሳ ተመልሳለች። ረዳቱ ነድቶ ሄዶ ልጆቹን ጭኖ መጥቷል። የአልጋ ቤቱ ዘበኛ ደግሞ ሌሊቱን ከግቢ እንዳልወጣሁ መሰከረ።

ከዚያ ያ በክንድ ላይ የተጻፈ ቁጥር መጣ። ሁለቱ የጎደሉት አኃዞች ረዳቱ ስልክ ውስጥ ተገኙ። ያንኑ ቁጥር በዚያች ሌሊት ደጋግሞ ደውሎለታል። የኔ ስልክ ላይ ግን የለም። መጀመሪያ በዋስ ወጣሁ፣ በኋላ ክሱ ከኔ ላይ ተነሳና የዐቃቤ ሕግ ምስክር ሆንኩ። ምስክር ልሁን ስል ብዙ ሰው «አርፈህ ልጆችህን አሳድግ» ብሎኛል። ፍርሃቱ ልክ ነው። ግን የምስክሮች ጥበቃ አዋጅ አለ፤ ቁጥር 699/2003። ዛቻ ከደረሰባችሁ ለዐቃቤ ሕግ በጽሑፍ አመልክቱ። በቃል የተነገረ ዛቻ ነፋስ ነው።

የፍርድ ቤት ቀጠሮ ስጠብቅ ከጠበቃው ጋር ብዙ አወራን። እኔ «መንግሥታቱ ተኝተዋል» እል ነበር። እሱ ግን ወረቀቶቹን እየዘረዘረ ሞገተኝ። ጥር 2001 ላይ የቀይ ባሕርና የምዕራብ ሕንድ ውቅያኖስ አካባቢ አገሮች ጅቡቲ ላይ ስምምነት ፈረሙ። ኢትዮጵያ የባሕር በር ባይኖራትም ከመጀመሪያዎቹ ፈራሚዎች አንዷ ናት። ያኔ ጭንቀቱ የሶማሊያ የባሕር ወንበዴ ነበር። ጥር 2009 ላይ ጅዳ ተሰብስበው ስምምነቱን አሰፉት፤ በሰው መነገድና ስደተኛን በባሕር ማሻገርም ገባበት። ከፈራሚዎቹ መካከል ኢትዮጵያ፣ ጅቡቲ፣ የመንና ሳዑዲ አሉ። ቁጠሩልኝ እስቲ። የልጆቻችን መንገድ የሚያልፍባቸው አገሮች ሁሉ በወረቀት ተስማምተዋል ማለት ነው። ኅዳር 2007 ላይ ደግሞ ሮም ውስጥ የካርቱም ሂደት የተባለው ተጀመረ፤ የአውሮፓ ኅብረትና የአፍሪካ ቀንድ አገሮች ስለ ስደት የሚነጋገሩበት። ለድንበር ፖሊስና ለዐቃቤ ሕግ ሥልጠናው ከዚያ ወዲህ በዛ። በኛ በኩል በሰው መነገድንና ድንበር ማሻገርን የሚመለከተው አዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወጣ። ወደቡ ራሱ ከ1996 ሰኔ መጨረሻ ጀምሮ በሥራ ላይ ባለው ዓለም አቀፍ የመርከብና የወደብ ደኅንነት ደንብ ይጠበቃል። ጅቡቲ ዶራሌ ወደብ ያለ ባጅ የማንገባው ለዚህ ነው።

ታዲያ ለምን ልጆቻችን ያልቃሉ? የኔ አስተያየት ይህ ነው። ትብብሩ የሚይዘው የሚታየውን ነው። መኪና ይታያል። ሸራ ሥር ያለ ልጅ ይታያል። ጀልባ ይታያል። ደላላው ግን በሦስት አገር ያለ ሦስት ስልክ ነው። የኛ መርማሪ የ253ቱን ቁጥር ባለቤት ለማግኘት ለሌላ አገር መጻፍ አለበት። መልስ እስኪመጣ ሲሙ ተሰብሮ ተጥሏል። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ። ጅቡቲ ያለው እንዲያውም ሩቅ ነው፤ መነሻው ያለው እዚሁ፣ ቀበሌያችን ውስጥ ነው። እሱን ለመያዝ የየብስም የባሕርም ስምምነት አያስፈልግም። ጎረቤት አፉን መክፈት ነው የሚያስፈልገው።

ይህን የማውቀው ከራሱን ከሳተው ልጅ እናት ነው። ደቡብ ወሎ ካለችው ወረባቦ ድረስ በእግርም በመኪናም መጥታ ፖሊስ ጣቢያው ግቢ ዛፍ ሥር ተቀምጣ አገኘኋት። እኔ ታሳሪ ነኝ፣ እሷ የልጇን ገዳይ የምታይ ይመስል ዓይኗን አልነቀለችም። በኋላ ነገሩ ሲጣራ መጥታ «አፉ በለኝ ወንድሜ» አለችኝ። «እትዬ፣ አብሽሪ፣ እኔም ብሆን እንደዚያው ነው የማየው» አልኳት።

ልጇን የመለመለው ቡና አብሯት የሚጠጣ ጎረቤቷ ነው። አንድ ብር አልጠየቃትም። «አሁን ምንም አትክፈሉ፣ ሲደርስ ትከፍላላችሁ» ነው ያለው። ይህችን ዓረፍተ ነገር የሰማ ወላጅ ዕረፍት ሊነሳው ይገባል። ነፃ መስሎ የሚጀመር ጉዞ ልጁን መያዣ ያደርገዋል። የመን ሲገባ አጥር ግቢ ውስጥ ያስገቡትና እየደበደቡት ድምፁን በስልክ ያሰሙሻል። የዚያን ጊዜ ዋጋውን የሚወስኑት እነሱ ናቸው። በሬም መሬትም የሚሸጠው ያኔ ነው።

ልጁ ዳነ፣ ቤቱ ተመለሰ። ታሪኩ እዚህ ቢያልቅ ደስ ባለኝ። ከመንፈቅ በኋላ እንደገና ሄደ።

አሁን በመኪና አይደለም። ከዲቾቶ ወዲያ ኬላውን በእግር ዞረው አለፉ። አሳል ሐይቅን አልፈው፣ በታጁራ አድርገው ወደ የመን ጀልባ የሚነሳባት የጅቡቲ ከተማ ኦቦክ ደረሱ። አሳል ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ነው፤ ጨውና ድንጋይ ብቻ። እኔ በመኪና መስኮት ሳየው እንኳ ይደርቃል ጉሮሮዬ። ኦቦክ አጠገብ የባሕሩ ዳር ላይ ጀልባ ሲጠብቁ ልጁ በተቅማጥ ወደቀ። ደላላው የታመመ አይጭንም፤ ትቶት ሄደ። ልጁ በሰው ስልክ ለእናቱ ደወለ። እናቱ ለኔ ደወለች።

«አንተ እኮ በየጊዜው ጅቡቲ ትወርዳለህ። አላህ ይስጥህ፣ በመኪናህ ጭነህ አምጣልኝ።»

እንቢ አልኳት። ከዚህ የከበደ ነገር ተናግሬ አላውቅም። ወረቀት የሌለውን ሰው ድንበር ማሻገር ወደ አገሩ ቢሆንም ያው ነው፤ ኬላ ላይ ማን ማን እንደሆነ የሚለይ የለም። ሹፌሮች፣ ይህ ልመና ይደርሳችኋል። የጨነቀው እርጉዝ ያገባል፤ እናት አትፈረድባትም። ግን እሺ ካላችሁ ልጁም እናንተም ትጠፋላችሁ።

ይልቅ ሌላ መንገድ አለ። ኦቦክ ውስጥ ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት፣ አይኦኤም የምንለው፣ ስደተኛ የሚቀበልበት ማዕከል አለው። መኝታ፣ ምግብ፣ ሐኪም አለ። መመለስ የሚፈልግ ይመዘገባል። ለልጁ በስልክ «ሌላ ጀልባ አትጠብቅ፣ ከተማው ገብተህ አይኦኤም የት ነው ብለህ ጠይቅ» አልነው። አብሮት የነበረ የወሎዋ ሐይቅ ከተማ ልጅ ደግፎ አደረሰው። ፓስፖርት ስለሌለው የጅቡቲው ኤምባሲያችን ሊሴ ፓሴ፣ ማለትም በፓስፖርት ፈንታ የሚያገለግል የመመለሻ ወረቀት፣ እንዲሰጠው ማንነቱን ማረጋገጥ ነበረበት። እዚህ ላይ ቤተሰብ የሚያግዘው ነገር አለ። የቀበሌ መታወቂያ፣ የልደት ካርድ፣ የትምህርት ቤት ካርድ ፎቶ አንስታችሁ ስልካችሁ ላይ አስቀምጡ። የአባት የአያት ስም፣ ወረዳ፣ ቀበሌ አንድ ዓይነት ይሁን። ልጆች ደላላ ባስጠናቸው ሐሰተኛ ስምና ዕድሜ ሲመዘገቡ ማረጋገጡ ይጓተታል። ዕድሜው ከ18 በታች ከሆነ ደግሞ ይህንን ይናገር፤ ለልጆች የተለየ አሠራር አለ። ሰመራ ላይም እንዲህ ዓይነት ማዕከል ስላለ ልጃችሁ ድንበር ሳያልፍ ከደወለ እዚያ ሂድ በሉት።

መጥቶ ካየሁት በኋላ አንድ ነገር ጠየቅኩት። «ለምን ደግመህ ሄድክ?» «መሄዱ ነው እንጂ ከባዱ፣ መመለስ አይከብድም ብለውኝ ነው» አለኝ። ውሸት ነው። መጋቢት 30 ቀን 2016 በጅቡቲ ጠረፍ ጎዶሪያ ላይ የሰጠመችው ጀልባ ከየመን ወደ ጅቡቲ ትመለስ የነበረች ናት፤ 38 ሰው ሞተ። በተከታዩ ሚያዝያ፣ በዚያው ዳርቻ፣ ሌላ ጀልባ ተገልብጦ ከ20 በላይ ሰው ሞተ፤ እሱም ተመላሽ ነው። መስከረም 21 ቀን 2017 ደግሞ ከየመን የመጡ ሁለት ጀልባዎች ላይ 310 ሰው ነበር፤ ባሕር ውስጥ ውረዱ ተብለው ከ40 በላይ ሞቱ። የመን ጦርነት ላይ ያለች አገር ናት። ከዚያ ወዲያ ያለው የሳዑዲ ድንበር ደግሞ አለ። ሂዩማን ራይትስ ዎች በነሐሴ 2015 ባወጣው ሪፖርት የድንበር ጠባቂዎች በመቶዎች የሚቆጠሩ ኢትዮጵያውያንን ገድለዋል ብሏል፤ ሳዑዲ አስተባብላለች። ልጁ ይህን ሁሉ ሰምቶ አያውቅም። የሰማው ሳዑዲ ደርሶ ቆርቆሮ ቤት ስላሠራው ጎረቤት ብቻ ነው።

ወደ ሹፌሮች ልመለስ። እኔ አሁን እንዲህ ነው የማደርገው። ከቆምኩበት ቦታ ሁሉ ስነሳ ሸራውን ራሴ ፈትቼ ራሴ አስራለሁ። ገመድ ውጥር ስለሆነ ደህና ነው ማለት አይደለም። ባዶ ኮንቴይነር ከሆነ ከፍቼ ገብቼ እስከ ጥጉ አያለሁ። ስኮርት ጎማው ላይ፣ ዕቃ ሳጥኑ ውስጥ፣ ጋቢናና ካሶኒው መሃል አያለሁ። ከዚያ በስልኬ ፎቶ አነሳለሁ፤ ሰዓትና ቦታው ይታያል። ቁልፍ ከኔ ጋር ያድራል። ረዳት ጋቢና ቢያድርም ቁልፍ አይሰጠውም። ቅር ይለዋል፣ ይበለው። ያለ ተያዥና ያለ መታወቂያ ኮፒ ረዳት አልቀበልም፤ ባለንብረቱ ቢያመጣውም። ሲመች ጥበቃ ያለው ማደያ ውስጥ አድራለሁ። ደረሰኝ አልጥልም።

ሰው ብታገኙስ? እዚህ ላይ ብዙ ሹፌር ይደነግጥና ሁለት ነገር ያደርጋል። ወይ «ከደረስኩ በኋላ ይወርዳሉ» ብሎ ይቀጥላል፣ ወይ በረሃ ላይ አውርዷቸው ይሄዳል። የመጀመሪያው ወንጀለኛ ያደርጋችኋል። ሁለተኛው ሰው ይገድላል፤ በዚያ ሙቀት ውኃ የሌለው ልጅ ማታውን አያይም። አቁሙ፣ ውኃ ስጡ፣ ጥላ ሥር አስቀምጡ። ለባለንብረቱም ለቅርቡ ፖሊስም ወዲያው ደውሉ፤ የደወላችሁበት ሰዓት ስልካችሁ ላይ ይቀራል። ቀድሞ የደወለ ሰውና ሲፈተሽ የተያዘ ሰው አንድ አይደሉም። ለልጆቹም እንዳይፈሩ ንገሯቸው፤ በሰው መነገድ ሰለባ የሆነ እንደ ተጎጂ ነው የሚታየው።

እናቶች ደግሞ፣ የማስለቀቂያ ስልክ ከመጣ «አትክፈይ» አልልሽም። የልጅ ጩኸት እየሰማ እንዲህ ሊል የሚችል ሰው የለም። ግን ብሩ የሚላከው ብዙ ጊዜ እዚሁ አገር ባለ ሰው የባንክ ሒሳብ ነው። የሒሳብ ቁጥሩን፣ የባለ ሒሳቡን ስም፣ የደወለውን ስልክ ጻፊ። ደረሰኙን አትጣይ። ለፖሊስ ያን ይዘሽ ሂጂ። የየመኑን ሰው ማንም ላያገኘው ይችላል፤ የኮምቦልቻውን ባለ ሒሳብ ግን ማግኘት ይቻላል። ጎረቤት ነው፣ ነውር ነው ብሎ መሸፈን ይቅር። የወረባቦዋ እናት ጎረቤቷን ስትጠቁም መንደሩ ለወራት ቡና አልጠራትም። እስካሁን የሚያኮርፏት አሉ።

ሕጋዊውን መንገድ የሚጠይቁኝ ብዙ ናቸው። ጥቅምት 2006 ላይ ወደ ዓረብ አገር መሄድ ታግዶ ነበር፤ በዚያው ሰሞን ሳዑዲ ከ160 ሺህ በላይ ሰው አባረረች። እገዳው 2010 ላይ ተነሳ። እገዳው በነበረበት ጊዜ የኛ መስመር ጭር አላለም፣ እንዲያውም። አሁን ሳዑዲን፣ ኳታርንና ዮርዳኖስን ጨምሮ ከተወሰኑ አገሮች ጋር የሥራ ስምሪት ስምምነት አለ። ዕድሜ 18 መሙላት፣ ፓስፖርት፣ የጤና ምርመራ፣ ሥልጠናና የብቃት ማረጋገጫ ይጠየቃል። ፈቃድ ያለው ኤጀንሲ ከሠራተኛ የአገልግሎት ክፍያ መቀበል አይችልም፤ ቪዛውና የአየር ትኬቱ የአሠሪው ነው። ብር ክፈሉ ያለ ኤጀንሲ ካለ ፈቃዱን በሥራና ክህሎት ቢሮ አጣሩ። ቀርፋፋ ነው፣ አልዋሽም። ለወንድ ልጅ ደግሞ ዕድሉ ከሴቶቹ ይጠባል። ለወጣቱ ትልቁ ችግርም ይኸው ነው፤ ስምምነት የሚፈርሙት ሰዎች ይህንን ቢሰሙት ደስ ይለኛል።

የረዳቱ ጉዳይ ገና በቀጠሮ ላይ ነው። የጎረቤቱም እንዲሁ። ባለፈው ሳምንት እናትየዋ ደውላ ነበር። ትልቁ ልጅ ኮምቦልቻ ጋራዥ ገብቶ ብየዳ እየተማረ ነው፤ ደህና ነው። ታናሹ ግን አሁን 15 ዓመቱ ነው፤ ስለ ጅቡቲ መጠየቅ ጀምሯል። ሰኞ ባቲ ገበያ ይዛው ትመጣለች። ወንድሙም ከጋራዥ ፈቃድ ጠይቋል። ማደያው ጋ እንገናኝ ተባብለናል።